ሆቴሉም የፓርኩ አካል ነው

ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ሲባል የአብዛኛው ሰው ሐሳብ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ቤተ መንግሥቱ፣ ወደ ሚኪ ማውስና ወደ ማታው ርችት ነው። እነዚህ ግን የቦታው አንድ ጥግ ናቸው። ከኦርላንዶ ከተማ ደቡብ ምዕራብ፣ ረግረግ በነበረ የፍሎሪዳ መሬት ላይ የተዘረጋው ይህ ግቢ አራት ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች፣ ሁለት የውኃ ፓርኮች፣ ከ25 በላይ ሆቴሎች፣ የራሱ የአውቶቡስ መሥመሮች፣ ጀልባዎች፣ ሞኖሬልና በኬብል ተንጠልጥለው የሚሄዱ ጋሪዎች አሉት። ከ70 ሺህ በላይ ሰው እንጀራውን የሚያገኘው እዚሁ ነው። ከአራቱ ፓርኮች አንዱ ማጂክ ኪንግደም ለብቻው እ.ኤ.አ. በ2023 ከ17 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ አስተናግዷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዋሽንግተን፣ በአትላንታ ወይም በዳላስ የሚኖር የእኛ ሰው ልጆቹን ይዞ ወደዚያ ለመሄድ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው የትኬቱን ዋጋ ነው። ሆቴል የመጨረሻ ጉዳይ ይሆናል፤ «ለመኝታ አይደል እንዴ? ርካሹን ፈልግ» ይባላል። ሌላ ከተማ ቢሆን ምክሩ ባልከፋ። እዚህ ግን ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ በሩ ጋ እንደሚደርሱ፣ ቀትር ላይ ሕፃኑን አስተኝቶ መመለስ ይቻል እንደሆነ፣ ርችቱ ካበቃ በኋላም አልጋ ለመድረስ ምን ያህል እንደሚፈጅ የሚወስነው ሆቴሉ ነው። ነገሩ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሆቴሉና ፓርኩ ከመጀመሪያው አንድ ላይ የታሰቡ ናቸው።

ከካሊፎርኒያ የተገኘው ትምህርት

ዋልት ዲዝኒ የመጀመሪያውን ፓርክ፣ ዲዝኒላንድን፣ የከፈተው ጁላይ 17 ቀን 1955 ነው፤ ቦታውም አናሃይም በተባለችው የካሊፎርኒያ ከተማ፣ ብርቱካን ይለማበት የነበረ 160 ኤከር መሬት ነው። ያለው ገንዘብ ፓርኩን ለመሥራት እንጂ ዙሪያውን ለመግዛት አልበቃም። ፓርኩ ሲሳካ ታዲያ ሞቴሎችና ምግብ ቤቶች ከነመብራት ማስታወቂያቸው አጥሩን ከበቡት። እንግዳው ቀን ቀን ለዲዝኒ ይከፍላል፤ ማታ ግን ኪሱ የሚፈታው ለጎረቤት ነው። ዋልትን ያበሳጨው ያመለጠው ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ልጆቹ በተረት ዓለም ውለው ከበሩ ሲወጡ የሚቀበላቸው ያ ዝብርቅርቅ መንገድ መሆኑም ከንክኖታል።

ሁለተኛውን ፓርክ ሲያስብ ስለዚህ መጀመሪያ የፈለገው መሬት ነው፤ ያውም ብዙ መሬት፣ ያውም ማንም ሳይሰማ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ባለቤታቸው ማን እንደሆነ በማይታወቅ ትንንሽ ኩባንያዎች ስም ረግረጉ፣ ደኑና የከብት ግጦሹ ቁራጭ በቁራጭ ተገዛ። ለአንድ ኤከር በአማካይ የተከፈለው 200 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። በኦክቶበር 1965 የኦርላንዶው ጋዜጣ ገዥው ዲዝኒ መሆኑን ይፋ ሲያወጣ የአካባቢው የመሬት ዋጋ ሰማይ ነካ። ይሁንና ዋናው ግዥ አልቆ ነበር፤ 27 ሺህ ኤከር ገደማ፣ ይኸውም 110 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአዲስ አበባን አንድ አምስተኛ ይሆናል።

ዋልት ፍጻሜውን አላየም፤ ዲሴምበር 15 ቀን 1966 ሞተ። ጡረታ ሊወጣ ያሰበው ታላቅ ወንድሙ ሮይ ሥራውን ተረክቦ ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ቦታውን ከፈተ፤ ሦስት ወር ሳይሞላውም እሱ ራሱ ዐረፈ። በመክፈቻው ዕለት ማጂክ ኪንግደም ብቻውን አልተከፈተም። ኮንቴምፖራሪና ፖሊኔዥያን የተባሉት ሁለት ሆቴሎች አብረውት በራቸውን ከፈቱ። ከዚያ በኋላ ኤፕኮት በ1982፣ ዛሬ ሆሊውድ ስቱዲዮስ የሚባለው ፓርክ በ1989፣ አኒማል ኪንግደም በ1998 ተጨመሩ፤ ሆቴሎቹም ከነሱ ጋር በዙ።

እግር የሚረግጠው ፎቅ

ይህ ሁሉ ከመቆሙ በፊት ግን ረግረጉን የሚያጠነፍፍ ሰው አስፈለገ። ሥራው የተሰጠው ቀደም ሲል የፓናማ ካናል ዞን ገዥ ለነበሩት ጡረተኛ ጄኔራል ጆ ፖተር ነው። በእሳቸው አመራር ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ቦይ ተቆፈረ፤ ውኃው ከፍ ሲል ያለ ሰው እጅ የሚከፈቱ በሮችም ተገጠሙለት። በማጂክ ኪንግደም ፊት ያለው ሰፊ ሐይቅ ሰው የቆፈረው ነው። ከሐይቁ የወጣው አፈርም ፓርኩን ከፍ አድርጎ ለማቆም ዋለ።

ከፍ ማድረጉ ሌላም ጥቅም ነበረው። ፍሎሪዳ ላይ ጥቂት ሲቆፍሩ ውኃ ስለሚፈልቅ ምድር ቤት መሥራት ያስቸግራል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ መተላለፊያዎቹን ቀድመው በመሬቱ ወለል ላይ ገነቡ፤ ዙሪያቸውን በአፈር ሞሉት፤ ፓርኩን ደግሞ በላያቸው አቆሙ። ጎብኚው መሬት የረገጠ ይመስለዋል እንጂ የሚራመደው ፎቅ ላይ ነው። ከሥሩ ሠራተኛው የሥራ ልብሱን ለብሶ በሚሠራበት ሰፈር በኩል ብቻ ብቅ ይላል፤ የሱቅ ዕቃ በጋሪ ይመላለሳል፤ ቆሻሻውም በትልቅ ቱቦ በአየር ኃይል ተስቦ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ ውለው አንድም የቆሻሻ መኪና የማያጋጥመው ለዚህ ነው።

ቤተ መንግሥቱም ዓይን የሚያታልል ሥራ አለበት። ቁመቱ 189 ጫማ፣ ወደ 58 ሜትር ነው። 200 ጫማ ቢደርስ ኖሮ አውሮፕላን የሚያስጠነቅቅ ቀይ መብራት አናቱ ላይ ሊሰቀልበት ነበር። ከላይ ያሉት መስኮቶችና ማማዎች መጠናቸው እያነሰ እንዲሄድ ስለተደረገ ግን ከዋናው መንገድ ጫፍ ሆኖ የሚያየው ሰው ከልኩ በላይ ረጅም አድርጎ ይገምተዋል።

ሦስት ደረጃ፣ ብዙ ጠባይ

ሆቴሎቹ በጥቅሉ በሦስት ደረጃ ይከፈላሉ፤ ርካሽ፣ መካከለኛና ውድ። ከነዚህ ሌላ ኩሽና ያላቸው የቤተሰብ መኖሪያዎች አሉ። ልዩነቱ የአልጋው ምቾት ላይ ብቻ አይደለም። በርካሾቹ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ሰው በላይ አይፈቀድም፤ በር የሚከፈተውም ወደ ውጭ መተላለፊያ ነው። ውዶቹ ለፓርኮቹ ቅርብ ናቸው። በተመረጡ ምሽቶችም በማጂክ ኪንግደምና በኤፕኮት ሌላው ሰው ከወጣ በኋላ እንግዶቻቸው እንዲቆዩ ይፈቀድላቸዋል። ለሁሉም ደረጃ እኩል የተሰጠ መብትም አለ። የትኛውም ሆቴል ያደረ እንግዳ በየዕለቱ በአራቱም ፓርኮች ከሌላው ሕዝብ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል። ግማሽ ሰዓት ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን በሐምሌ ሙቀት አንድ ሰዓት የሚያስቆም ወረፋ በዚያች ሰዓት አሥር ደቂቃ ሊሆን ይችላል።

ኮንቴምፖራሪን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ግዙፍ የብረት አጽም መጀመሪያ ቆመ። ክፍሎቹ ደግሞ እዚያው አቅራቢያ በተተከለ ፋብሪካ መታጠቢያ ቤታቸውና የኤሌክትሪክ ሽቦአቸው ሳይቀር ተሟልቶ ተሠሩ። ከዚያ በክሬን እየተነሡ፣ መሳቢያ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደሚገባ፣ አንድ በአንድ አጽሙ ውስጥ ተሰኩ። በግንባታው ላይ ዩ.ኤስ. ስቲል የተባለው የብረት ኩባንያ ተሳትፏል። ሞኖሬሉ በሕንፃው መሐል ሰንጥቆ ያልፋል። በታችኛው አዳራሽ ቁርስ የሚበላ ልጅ ቀና ሲል ባቡሩ ከራሱ በላይ ሲያልፍ ያያል። ከዚህ ሆቴል ማጂክ ኪንግደም በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡ አያት ላሉበት ቤተሰብ፣ ብዙ ሳይራመዱ ጠዋት ወጥተው ቀትር ላይ ተመልሰው ጋደም ለማለት ከዚህ የሚሻል አይገኝም፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው።

አኒማል ኪንግደም ሎጅ ፈጽሞ ሌላ ዓለም ነው። በ2001 የተከፈተው ይህ ሆቴል፣ ንድፉ የፒተር ዶሚኒክ ሲሆን፣ የደቡባዊ አፍሪካን የከብት በረት አሠራር ተከትሎ ሜዳውን በግማሽ ክብ ያቅፈዋል። በሜዳው ላይ ቀጭኔ፣ የሜዳ አህያና ቀንዳቸው እጅግ የረዘመ የአንኮሌ ከብቶች ይግጣሉ። ወደ ሜዳው የሚያይ ክፍል የያዘ ሰው ማለዳ በረንዳው ላይ ቡናውን ይዞ ቀጭኔዋ ቅጠል ስትቀነጥብ ማየት ይችላል። ሁሉም ክፍል ወደ ሜዳው አያይም፤ ክፍል ሲያዝ ይህን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሆቴሉ ከሌሎቹ ራቅ ያለ ስለሆነ ከአውቶቡስ በቀር መጓጓዣ የለውም። ስለዚህ ቤተሰቡ ወደ ማጂክ ኪንግደም በሚመላለስበት ቀን ሳይሆን ወደ አኒማል ኪንግደም ፓርክ በሚሄድበትና በሚያርፍበት ቀን ቢያድርበት ይሻላል።

ልጆች ለበዙበት ቤት አርት ኦፍ አኒሜሽን የተባለው ይመቻል። የቤተሰብ ክፍሎቹ ስድስት ሰው ይይዛሉ፤ ሁለት መታጠቢያ ቤትና ትንሽ ማብሰያ ቦታ አላቸው። በ2019 ሥራ የጀመረው ስካይላይነር የተባለው የኬብል መሥመርም ከዚህ ሆቴል ተነሥቶ፣ ካሪቢያን ቢች ላይ መሥመር በመቀየር፣ ኤፕኮትና ሆሊውድ ስቱዲዮስ ያደርሳል። ጋሪዎቹ አየር ማቀዝቀዣ የላቸውም፤ ሲሄዱ ነፋስ በመስኮቶቹ ይገባል፤ መብረቅ ሲኖር ግን ሥራቸውን ያቆማሉ።

ሻንጣው እንዴት ይሄዳል?

በአንድ ጉዞ ሁለት ወይም ሦስት ሆቴል መቀያየር መጀመሪያ ሲሰሙት ራስን ማድከም ይመስላል። ይህን የሚያቀለው አንድ አገልግሎት ነው። በለውጡ ቀን ጠዋት ሻንጣውን ለሆቴሉ ሻንጣ ተቀባዮች ሰጥተው ቀጥሎ የሚያድሩበትን የዲዝኒ ሆቴል ስም ይነግሯቸዋል። ሻንጣው ላይ ምልክት ይታሰርበታል፤ ያለ ክፍያም ወደ አዲሱ ሆቴል ይወሰዳል። ቤተሰቡ ከዚያው ወደ ፓርክ ሄዶ ይውላል፤ ማታ የሚመለሰው ግን በአዲሱ ሆቴል አውቶቡስ ነው። አውቶቡሶቹ ከሆቴል ወደ ፓርክ እንጂ ከሆቴል ወደ ሆቴል ስለማይሄዱ፣ ሻንጣ እየጎተቱ ልሂድ ያለ ሰው አንድ ፓርክ ደርሶ መሥመር መቀየር ይኖርበታል።

በአገር ቤት የሰዓት አቆጣጠር የድሮው ክፍል ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ይለቀቃል፤ አዲሱ የሚሰጠው ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ፣ ኩሽና ባላቸው ቤቶች ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ነው። በመካከሉ ያሉትን ሰዓቶች ማሰብ ያስፈልጋል። ሻንጣው ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም አመሻሽ ላይ ስለሚደርስ፣ መድኃኒት፣ የሕፃን ወተትና ዳይፐር፣ የስልክ ቻርጀር፣ የዋና ልብስና አንድ ቅያሪ በእጅ መያዝ አለባቸው። የዋና ልብሱ ያለ ምክንያት አልተጠቀሰም። የአንዱ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ለሌላው ሆቴል እንግዳ ክልክል ነው። ስሙ በአዲሱ ሆቴል የተመዘገበ ሰው ግን ክፍሉ እስኪዘጋጅ ገንዳው ዳር መቆየት ይችላል። በሌላ አነጋገር የለውጥ ቀን የገንዳ ቀን ነው።

ለአንድ ሳምንት ጉዞ ሁለት ሆቴል ይበቃል። ሦስተኛው ከተጨመረ ጠዋቱን ሻንጣ ማሰርና መፍታት ይበላዋል፤ ልጆቹም አልጋቸውን በለመዱ ማግስት ይነሣሉ። የሚያዋጣው አካሄድ አድካሚ የፓርክ ቀናትን ርካሹ ሆቴል ውስጥ እያደሩ መጨረስ፣ ከዚያ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች ሆቴሉ ራሱ የሚታይበት ቦታ ማሳለፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ፓርክ ውሎ ለእንቅልፍ ብቻ በሚገባ ሰው እጅ የቀጭኔው በረንዳ ገንዘብ ማባከን ነው።

በኦርላንዶ ያለው የዲዝኒ ተፎካካሪ ዩኒቨርሳልም ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ የሚመች ደንብ አለው። ፖርቶፊኖ ቤይ፣ ሃርድ ሮክና ሮያል ፓሲፊክ በተባሉት ሆቴሎቹ ያደረ እንግዳ በሁለቱ ነባር ፓርኮች ረጅሙን ሰልፍ የሚያልፍበት ኤክስፕረስ ፓስ ከክፍሉ ጋር ያገኛል፤ የሚሠራውም ከገባበት ቀን አንሥቶ እስከሚወጣበት ቀን ነው። አንድ ሌሊት በማደር የሁለት ቀን መብት ይገኛል ማለት ነው። ቤተሰቡ ትልቅ ከሆነ ይህ ፓስ ለየብቻው ሲገዛ ከሚያስወጣው አንጻር የክፍሉ ዋጋ የሚያዋጣበት ጊዜ ብዙ ነው። በሜይ 2025 የተከፈተው ኤፒክ ዩኒቨርስ ግን በዚህ ውስጥ አይካተትም።

ሙቀቱ፣ ዝናቡ፣ ወረፋው

የፍሎሪዳ ክረምት ለአገር ቤት ሰው እንግዳ ነው፤ ዝናቡ አለ፣ ብርዱ ግን የለም። የቀኑ ሙቀት 33 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ አየሩ ርጥበት ስለሚበዛበት ላብ አይደርቅም። ከሰዓት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ነጎድጓድ ያለበት ዶፍ ይወርዳል። ማዕከላዊ ፍሎሪዳ በአሜሪካ መብረቅ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ ደጅ ያሉት መጫወቻዎች ወዲያው ይዘጋሉ። ቦታውን የሚያውቅ ቤተሰብ ከበሩ መክፈቻ እስከ ቀትር ይሠራል፤ በሙቀቱና በዝናቡ ሰዓት ሆቴሉ ገብቶ ያርፋል፤ ቀኑ ሲበርድ ይመለሳል። የሆቴሉ ቅርበት ገንዘብ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት የሚፈጅበት ሰው አርፎ መመለሱን ይተወዋል፤ ልጁም ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ማልቀስ ይጀምራል።

ወረፋው ራሱ ንግድ ሆኗል። በ1999 የተጀመረው ፋስትፓስ ነፃ ነበር። በ2021 ቀርቶ በክፍያ ተተካ፤ ዛሬ ላይትኒንግ ሌን ይባላል። በዲዝኒ ሆቴል የሚያድር ሰው ከመግቢያው ቀን 7 ቀን ቀድሞ ለጉዞው ቀናት በሙሉ መያዝ ይችላል፤ ውጭ የሚያድረው 3 ቀን ሲቀረው ነው የሚፈቀድለት። የቀደመ ደግሞ ጥሩውን ሰዓት ይወስዳል። ነፃ ሆኖ ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ መብት አለ፤ ለአንዱ መጫወቻ ቁመቱ ያልደረሰ ልጅ ካለ አባት ወረፋውን ጠብቆ ሲወጣ እናት ዳግመኛ ሳትሰለፍ ትገባለች። ለዚህ ልጆቹን ከቤት ሳይወጡ መለካት ይጠቅማል። ስፔስ ማውንቴን የተባለው መጫወቻ 112 ሴንቲ ሜትር፣ ትሮን የተባለው 122 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል፤ ጫማ ውስጥ ሶፍት አስገብቶ ማለፍ አይሞከርም።

በትኬቱ በኩል፣ በ1971 መግቢያው 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ መጫወቻዎቹ በየራሳቸው ኩፖን ይከፈልባቸው ነበር። ከ2018 ወዲህ ዋጋው እንደየቀኑ ይለያያል፤ በበዓል ሰሞን የአንድ ቀን ትኬት ከ150 ዶላር በላይ ነው። የቀኑ ብዛት ሲጨምር የእያንዳንዱ ቀን ዋጋ ይወርዳል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ይገባል፤ 10 ዓመት የሞላው ግን እንደ አዋቂ ይከፍላል። የአሥረኛ ዓመት ልደት ከመድረሱ በፊት መሄድ እንዲሁ ትንሽ ቁጠባ ናት።

ፍልሰታ በኦርላንዶ

የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ዕረፍት ለእኛ ከሰኔ ጾምና ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል። ጾሙ ጉዞውን የሚያስቀር ይመስላል፤ ነገር ግን ነሐሴ ለጉዞ መጥፎ ወር አይደለም። የጆርጂያና የፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ ስለሚከፈቱ ሕዝቡ ይሳሳል፤ የክፍል ዋጋም ብዙ ጊዜ ረገብ ይላል። ትምህርት ዘግይቶ ለሚከፈትላቸው የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ልጆች ይህ ምቹ ክፍተት ነው። ከ2019 ጀምሮ የዲዝኒ ምግብ ቤቶች ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበትን ምግብ በምናሌው ላይ በቅጠል ምልክት ያሳያሉ። ጿሚው ምልክቱን አይቶ ማዘዝ ነው፤ ዓሣ የማይበላም አይቸገርም።

ምግብ ይዞ መግባትም ይፈቀዳል፤ የጠርሙስ ዕቃና አልኮል ግን የተከለከሉ ናቸው። ዳቦ ቆሎው፣ ቆሎውና በሶው ስለዚህ ያለ ችግር ያልፋሉ። የቀዘቀዘ ውኃም መጠጥ ከሚቀዳባቸው መደብሮች ያለ ክፍያ ይጠየቃል። ትኩስ ሽሮ ካልቀመሰ ቀኑ ያልመሸለት ሰው በፎርት ዊልደርነስ ያሉትን ኩሽና የተሟላላቸው ጎጆዎች መያዝ ይችላል።

ከዋሽንግተንና ከአካባቢው የሚነሣ ቤተሰብ የመጓጓዣ ምርጫም አለው። አምትራክ የተባለው የባቡር ድርጅት የሚያስኬደው አውቶ ትሬይን የተሰኘ ባቡር ከሎርተን፣ ቨርጂኒያ ተነሥቶ ከኦርላንዶ ሰሜን እስካለችው ሳንፎርድ መኪናንና መንገደኛን አንድ ላይ ይጭናል። ከሰዓት በኋላ ተሣፍረው በማግሥቱ ጠዋት ይደርሳሉ፤ መኪናቸውን አስወርደው ይነዳሉ። ከአውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ ያመጣ የነበረው የዲዝኒ ነፃ አውቶቡስ በ2022 መጀመሪያ ስለቀረ መኪና ይዞ መምጣት ጥቅሙ ጨምሯል። ሌሊት ለመኪና ማቆሚያ የሚከፈለውም ከ2023 ወዲህ ለሆቴሉ እንግዶች ተነሥቷል።

ዲዝኒ ወርልድ እንግዳው ከግቢው እንዳይወጣ ሆኖ የታነጸ ቦታ ነው። ይህን ማወቅ ከጉዞው አያስቀርም፤ ይልቁንም ሲያቅዱ ከየት መጀመር እንዳለበት ያሳያል። መጫወቻ ከመምረጥ በፊት አብሮ የሚሄደውን ሰው መቁጠር ይቀድማል። ቀትር ላይ የሚተኛ ሕፃን፣ እግራቸውን የሚያማቸው አያት፣ ጎልማሳ ነኝ የሚል ጎረምሳ አለ? ለእያንዳንዱ የሚስማማው ሆቴል የተለያየ ነው፤ ሁለት ቦታ ማደርም ትርጉም የሚኖረው ለዚህ ነው። ከበጀቱ አንድ ቀን የፓርክ ትኬት ቀንሶ ገንዳ ዳር የሚውል ቤተሰብ የከፈለበትን ሆቴል ተጠቀመበት እንጂ ቀን አላባከነም። ዋልት በአናሃይም አጥር ሥር ያመለጠው ገንዘብ በፍሎሪዳ ወደ ካዝናው እንዲገባ ተደርጓል፤ በምላሹ ሙሉውን ዕቃ መቀበል ደግሞ የከፋዩ ድርሻ ነው።